ስታቢላይዘር

በብዙ ቤት ከፍሪጅ ወይም ከቴሌቪዥን ጀርባ የማይጠፋ ሣጥን ነው። ስሙ ከሥራው ጋር ይገጥማል፦ ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ወደ 220 ቮልት አካባቢ ያረጋጋል። መብራቱ ሲደክም ወይም ሲበረታ ከውስጡ «ቀጭ» የሚለው፣ ሪሌው የትራንስፎርመሩን መስመር ሲቀይር ነው። መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገየውም የፍሪጁ ኮምፕረሰር ፋታ እንዲያገኝ ነው።

ቃሉ ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ብዙ ሰው «ስታቢላይዘር አለኝ» ሲል ከመብረቅም የተጠበቀ ይመስለዋል። መብረቅ በቅርብ ሲወድቅ በሽቦው የሚመጣው ግፊት የሚቆየው ከሰከንድ እጅግ ላነሰ ቅጽበት ነው፤ ሪሌው «ቀጭ» እስኪል እቃው ተቃጥሎ ያድራል። ይህን ለመመከት የተሠራው ሰርጅ ፕሮቴክተር ነው። በውስጡ ያለው ቫሪስተር ትርፉን ኃይል ወደ መሬት መስመር ያሳልፋል። ስለዚህ የመሬት ሽቦ ባልተዘረጋበት ቤት አቅሙ በእጅጉ ይዳከማል፤ ግፊት በተቀበለ ቁጥርም እያለቀ ይሄዳል።

ዲቫይደር ደግሞ ሥራው አንዱን ሶኬት ለብዙ እቃ ማካፈል ብቻ ነው። ቀይ መብራት ስላለው ጠባቂ አይሆንም።

ሲገዙ እቃው ምን እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ስሙ ብቻ አያስተማምንም። ክረምት ላይ ደግሞ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚህ የሚበልጥ መከላከያ የለም።