ከወሎ ገብስ እስከ ልብ፦ የኤርጎት፣ የኦክሲቶሲንና የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ኦክሲቶሲንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ በልብና በደም ሥር ጤና ላይ ያላቸው ድርሻ ነው። ታሪኩን ከወሎ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

በ1970 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ያልተለመደ በሽታ ተከሠተ። ከረዥም ድርቅ በኋላ በገብሱ ማሳ ላይ ሲናር በዝቶ ነበር፤ ሲናሩም ኤርጎት በተባለ ሻጋታ ተመትቶ ነበር። እህሉን የበሉ ሰዎች እግራቸው እየጠቆረና እየደረቀ ሄደ፤ የደም ትርታውም ጠፋ። ከ140 በላይ ሰዎች ተጠቁ፤ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሞተ። በሻጋታው ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች የደም ሥርን ስለሚያጠብቡ ደሙ እስከ እግር ጫፍ መድረስ ተሳነው።

የኦክሲቶሲንም ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ሻጋታ ጥናት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ኤርጎት ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከፒቱታሪ ዕጢ የተገኘ ጭማቂ የድመትን ማሕፀን እንደሚያኮማትር ገለጸ። አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1953 ሆርሞኑን በቤተ ሙከራ ሠራው፤ በ1955ም በድኝ ውሕዶች ላይ ባደረገው ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኦክሲቶሲን ከዘጠኝ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲስቴይኖች በድኝ ድልድይ ተያይዘዋል።

ከዚሁ ከሲስቴይን ሰውነታችን ሃይድሮጅን ሰልፋይድን ይሠራል። የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸተው ይህ ጋዝ ለረዥም ዘመን የሚታወቀው በመርዝነቱ ነበር። በ2008 የታተመ ጥናት ግን ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም የጎደላቸው አይጦች የደም ግፊታቸው ከፍ እንደሚል አሳየ፤ ጋዙ በጥቂቱ ሲሆን የደም ሥርን ያላላልና። ለኦክሲቶሲንም ልብ ውስጥ ተቀባዮች እንዳሉ ታውቋል።

ይህ ለቆቦ ምን ይፈይዳል? ከወሊድ በኋላ ለሚከሠት የደም መፍሰስ ኦክሲቶሲን ቀዳሚ መድኃኒት ነው። ሆኖም በደም ሥር በፍጥነት ከተሰጠ የደም ግፊትን ይጥላል፤ ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት ይህ ብርቱ አደጋ ነው። ከኤርጎት የተገኘው ኤርጎሜትሪን በአንጻሩ ግፊትን ስለሚጨምር፣ የደም ግፊት ላለባት እናት አይሰጥም። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይገባቸዋል። በራያ ቆላ ሙቀት መብራት ሲጠፋ፣ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ኃይል አብሮ ይደክማል።

የራበው ሰው እህል አይመርጥም፤ የ1970ው በሽታም ከድርቁ ተለይቶ አይታይም። ያው ሻጋታ በማሳው ላይ ገደለ፣ በተመጠነ መድኃኒትነቱ ደግሞ እናቶችን አተረፈ። መጠኑን የሚያውቅ ባለሙያና የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከሌሉ ግን የኖቤሉ ግኝት ቆቦ አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ የሕክምናን ታሪክ ስትጽፉ ከሞለኪውሉ ጋር ማሳውንና ጤና ጣቢያውንም አብራችሁ እንድትጽፉ አደራ እላለሁ።