በራሪው አውቶሞቢልና የቡናው አገር መንገድ

በየጥቂት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ በምድር ላይ እንደ አውቶሞቢል የሚሽከረከር፣ በሰማይም እንደ አይሮፕላን የሚበር ሠረገላ ተሠራ የሚል ወሬ በዓለም ጋዜጦች ላይ ሳይወጣ አያልፍም። ወሬው በተሰማ ቍጥር ወጣቶች ከጅማ አዲስ አበባ ከገዛ ደጃፋቸው ተነሥተው ሊበሩ መስሏቸው ሲደሰቱ፣ ሽማግሌዎች ፈገግ ሲሉ እናያለን። እኛም ጥያቄውን ከደስታውም ከፈገግታውም ለይተን ብንመረምረው መልካም መስሎ ታየን። ጅማና በዙሪያዋ ያሉት የቡና ከተሞች ለዚህ ነገር ባዕዳን አይደሉምና፤ መብረር የዘወትር መጓጓዣ ይሆን ወይስ አይሆን እንደ ሆነ ከብዙ አገሮች ቀድመው በራሳቸው ላይ ፈትነው ያውቃሉ።

ነገሩን ከምድሩ መንገድ እንጀምር። ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ተቀምጠው ጅማን በሚገዙበት ዘመን፣ ከኮረብታው ግርጌ በሂርማታ የሚቆመው ገበያ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ንግድ ሁሉ መገናኛ ነበረ። ከከፋ፣ ከሊሙና ከሌሎቹም አገሮች ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ መናገሩ ቢያሳፍርም የሰው ልጅም ጭምር እየመጣ፣ ከሰሜን በሚወርደው አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይለወጥ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ቅፍለቱን አስከትሎ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ ግቤንና ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ እስከ ምጽዋ ድረስ ይዘልቅ ነበር። አንድ አጋሰስ የሚሸከመው ጭነት አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም። ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ደግሞ ቅፍለቱ ባለበት ይቆማል፤ ቡናውም ባለቤቱም የውሃውን መጕደል ይጠብቃሉ።

ወደ ምዕራብ ወደ ጎሬ ስንሻገር የምናገኘው ታሪክ ከዚህ የተገላበጠ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚመጣው የእንፋሎት መርከብ ግን ጋምቤላ ሊደርስ የሚችለው ወንዙ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበረ። እንግዲህ አንባቢው ያስተውል፤ መርከቡ የሚመጣው በዝናብ ጊዜ ነው፣ ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ቆላ የሚያወርደው መንገድ ጭቃ ሆኖ በቅሎ የሚሰምጠውም በዚያው በዝናብ ጊዜ ነው። ውሃው ሲከፈት ምድሩ ይዘጋል፤ ምድሩ ሲከፈት ውሃው ይዘጋል። የጎሬ ቡና ነጋዴ በዚህ በሁለቱ መካከል ኑሮውን ሲያሰላ ኖረ።

አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር መጀመሪያ ያረፈው በነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ተፈሪ ከፈረንሳይ ያስመጡት ፖቴዝ 25 የተባለው ነበረ፤ ነጂውም አንድሬ ማዬ ይባላል። ብዙ ሳይቆይም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ መብረርን ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነጂዎች ሆኑ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋራ በአዲስ አበባ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን በረረች። ጠላት ወደ ኢጣልያ ወሰዳት፤ ወደ አገሯም የተመለሰችው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ነው።

ለጅማ ግን የበለጠ ቁም ነገር ያለው ዓመት 1938 ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ. ደብልዩ. ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋራ በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ፣ በመጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጕዞ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያም በኋላ ብዙ ሳይቆይ በአገር ውስጥ ከተከፈቱት መስመሮች አንዱ የጅማ መስመር ሆነ። ስለ ምን ጅማ ቀደመች ቢባል፣ እኛ እንደምናስበው ምክንያቱ ቡናውና የተበላሸው መንገድ ነው። ኢጣልያኖች የሠሩት መንገድ ነበረ፤ ዳሩ ግን በ1933 ዓ.ም. ሲሸሹ በኦሞ መሻገሪያ ላይ ያለውን ድልድይ አፍርሰውት ሄዱ።

ያ አይሮፕላን ከጦርነቱ የተረፈ ዳኮታ ነበረ። መቀመጫው በሁለቱ ጐን የተዘረጋ ታጣፊ የሸራ አግዳሚ ሲሆን፣ በመካከሉ ጭነት በገመድ ይታሰራል። መንገደኛው ከቡና ከረጢትና ከዕቃ ጋራ ፊት ለፊት ተያይቶ ይበራል ማለት ነው። ከጅማ በኋላ ጎሬ፣ ደምቢ ዶሎ፣ በደሌ፣ ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፣ ማጂም ሳይቀሩ ማረፊያ ሜዳ አገኙ። በእነዚህ አገሮች የሚኖር ገበሬ አውቶሞቢል ሳያይ አይሮፕላን አየ ሲባል የምንሰማው ቀልድ አይደለም። ጸሓፊው ለሹመቱ፣ መምህሩ ለትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴው ለገበያው የተሳፈረው በአይሮፕላን ነው፤ በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጀውን በአንድና በሁለት ሰዓት ጨረሰው። ለጥቂት ዓመታት መብረር በቡናው አገር፣ ገንዘቡ ላለው ሰው፣ ተራ ነገር ሆኖ ነበረ።

ታዲያ ለምን አልቀጠለም? መልሱ በ1943 ዓ.ም. ይገኛል። በዚያ ዓመት መንግሥታችን ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተበደረ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ተቋቋመ፤ የተበላሹት መንገዶችም አንድ በአንድ መጠገን ጀመሩ። ካሚዮን ግቤን ሲሻገር ሒሳቡ ተለወጠ። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ በአየር 260፣ በምድር 350 ኪሎሜትር ያህል ነው። ዳኮታ 60 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት አርባ ያህል ይዞ ይህን መንገድ ለመብረር በግምት 350 ሊትር ቤንዚን ይጠጣል። አምስት ቶን የሚጭን ካሚዮን ግን የዚያን ሁለት እጥፍ ቡና ከግማሽ ባነሰ ነዳጅ ያደርሳል። የደረቀ ቡና ደግሞ አይቸኩልም፤ ከረጢቱ እርጥበት እንዳያገኘው እንጂ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጐዳው የለም። ስለዚህ መንገዱ በደረሰበት ቡናው ከሰማይ ወረደ፤ ከትናንሾቹ ሜዳዎችም ብዙዎቹ ቀስ በቀስ በረራ አጡ፣ ከብት ይግጥባቸው ጀመረ።

አሁን ወደ በራሪው አውቶሞቢል እንመለስ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1917 ግሌን ከርቲስ የተባለው አሜሪካዊ ክንፍ ያለው አውቶሞቢል ሠርቶ ለትርኢት አቅርቦ ነበረ። በ1947 የኮንቬር ኩባንያ አይሮፕላን በጀርባው የተሸከመ አውቶሞቢል ሠርቶ ሲፈትን፣ ነጂው የተመለከተው የአውቶሞቢሉን የቤንዚን መለኪያ እንጂ የአይሮፕላኑን አልነበረምና በአየር ላይ ቤንዚኑ አልቆበት ወደቀ ይባላል። ነፍሱ ተረፈች፤ የኩባንያው አሳብ ግን አልተረፈም። የሚያስገርመው፣ ይኸው ኩባንያ የሠራቸውን ሌሎች አይሮፕላኖች፣ ማለት ለመብረር ብቻ የተሠሩትን፣ አየር መንገዳችን በ1943 ዓ.ም. ገዝቶ በደኅና ሠርቶባቸዋል። ሞልተን ቴይለር የተባለው መሐንዲስ ደግሞ ኤሮካር ለተባለው ሠረገላው በ1956 የአሜሪካንን መንግሥት ፈቃድ አገኘ፤ ተሠርተው የወጡት ግን ስድስት ብቻ ናቸው።

በዘመናችን በሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. በስሎቫኪያ ኤርካር የተባለው ከኒትራ ተነሥቶ በ35 ደቂቃ ብራቲስላቫ አረፈ፤ ክንፉንም ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አጣጥፎ በከተማው መንገድ ሄደ። ሥራው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የተነሣውም ያረፈውም በአይሮፕላን ሜዳ ነው፤ የሚይዘውም ሁለት ሰው ነው። ካለ ሜዳ ቀጥ ብለው የሚነሡትን በኤሌክትሪክ የሚበሩ ሠረገላዎች የተመለከትን እንደ ሆነ፣ በቻይና ኢሃንግ የተባለው ኩባንያ ለሁለት መንገደኞች የሠራው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ሊሊየምና ቮሎኮፕተር የተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች ግን በ2017 ዓ.ም. በኪሣራ ምክንያት ፍርድ ቤት ቀረቡ።

ይህን ሁሉ ወደ ጅማ አምጥተን ብንለካው ሌላም ችግር ይገጥመናል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ አየሩ በባሕር ዳር ካለው በጅማ አንድ ሰባተኛ ያህል፣ በአዲስ አበባ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉም መዘውሩም የሚያነሣው ክብደት ይቀንሳል፤ በባትሪ የሚሠራ ሠረገላ ከሁሉ ይልቅ ይህ ይከብደዋል። በክረምት ደመናው በተራራው ላይ ተኝቶ ሲውልም፣ ልምድ ያለው ነጂ የሚፈራውን ሰማይ ለየሰዉ መስጠት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ከጅማ ወደ አጋሮ ለገበያ የሚሄድ ሰው በበራሪ አውቶሞቢል ይሄዳል ብለን አናምንም። አስፋልቱ አለለት፤ ቡናውም እንዳልነው አይቸኩልም።

ዳሩ ግን የሚቸኩል አለ። ዳኮታው ከቡናው ከረጢት ጐን የሚያሳፍረው በሽተኛ ነበረ፤ ሜዳው ሲዘጋ ለቡናው ካሚዮን ተተካለት፣ ለበሽተኛው ግን የተተካለት በብዙ ቦታ ቃሬዛ ነው። ዛሬም ከአውራ ጎዳናው ርቆ በቡናው ጫካ ውስጥ ምጥ የጸናባት ሴት መኪና እስከሚገኝበት ድረስ የምትወርደው በጎረቤቶቿ ትከሻ ነው፤ ነሐሴ ላይ ከሆነም በጭቃ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሜዳ የማይሻ፣ ዋጋውም ከካሚዮን ጋራ የማይወዳደር ሠረገላ ለነጋዴው የማይረባ ቢሆንም፣ ሁለት ሰው ማለት እርስዋና አዋላጅዋ ናቸው። የበራሪው አውቶሞቢል ጠበብት ሥራቸውን የሚፈትኑት ግን በየትልልቁ ከተማ ላይ፣ አውቶሞቢል በተጨናነቀበት መንገድ በላይ ነው፤ በማጂ ወይም በጌራ ተራራ ላይ ለመፈተን የመጣ እስካሁን አልሰማንም።