ስምንት በስምንት

ከአሮጌ የቤት ኮምፒውተሮች ፎቶግራፎች መካከል አንዱ ዐይኔን ያዘው። ሣጥኑ የኮሞዶር ኩባንያን ቪክ-20 ይመስላል፤ ቁልፎቹ ላይ ግን ከላቲን ፊደላት ጋር እንግዳ ጭረቶች ተደርድረዋል። የፓውንድ ምልክት በሚጠበቅበት ቦታም የጃፓን የን ተቀምጧል። ከባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝና አስቀድሜ ያየሁት የኑን ነው።

ማሽኑ ቪክ-1001 ይባላል። ለቪክ-20 ታላቅ ወንድሙ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በጃፓን ቀረበ፣ ቪክ-20 በ1981 አሜሪካ ገባ። ጭረቶቹ ካታካና ናቸው፤ እንደ እኛው ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ቀለም የሚወክልበት ጽሕፈት።

ጃፓናውያን በየዕለቱ የሚጽፉባቸው ካንጂና ሂራጋናስ ወዴት ሄዱ? ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በ1978 የወጣው የጃፓን የፊደላት ደረጃ 6,349 ካንጂዎችን ይዘረዝራል። የቪክ የፊደል ማኅደር ደግሞ 4 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱም ቅርጽ 8 በ8 ነጥብ በሆነች መደብ ላይ መሣል ነበረበት። ጥቅጥቅ ያለው ካንጂ በዚያች መደብ ምን ሊሆን ይችላል? ለካታካናም ቢሆን ቦታ የተገኘው የእንግሊዝኛው ትንንሽ ሆሄያት ተነሥተው ነው። ስለዚህ ጃፓናዊው በገዛ ቤቱ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው የባዕድ ቃላትና ቴሌግራም በሚጻፉበት ፊደል ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ሌላ ነው። «ካ»ን «ጋ» የሚያደርጉት ሁለት ጥቃቅን ጭረቶች የራሳቸው ቁልፍ አላቸው፤ በመስተዋቱም ላይ ሙሉ የፊደል ቦታ ይይዛሉ። መሥመሩ ደግሞ 22 ቦታ ብቻ ነው። የሃይኩ 17 ቀለማት በአንድ መሥመር የሚያድሩት እንግዲህ ተጨማሪዎቹ ምልክቶች ከአምስት ካልበለጡ ነው! ገጣሚ የቤት ምት ሲቆጥር ኖሯል፤ ለጭረት ኪራይ መክፈል ግን አዲስ ዕዳ ነው። በእኛም የጽሕፈት መኪና የአናባቢው ቅጥያ ለብቻው ይመታ ነበር፤ ፊደሉ ቢወላገድም ቅጥያው ግን ከፊደሉ ጋር ይለጠፋል እንጂ የራሱን ቦታ አይጠይቅም።

የእኛን 33 ፊደላት በሰባት ባበዛ 231 ይሆናሉ፤ በስምንት ባይት ሂሳብ 1,848 ባይት፣ ከማኅደሩ ግማሽ ያነሰ። ሒሳቡ ስላደፋፈረኝ ካሬ ወረቀት አውጥቼ መሣል ጀመርሁ። «ለ» እና «ተ» በቀላሉ ገቡ። «ጬ» ዘንድ ስደርስ እግሯንና ቀለበቷን የማስቀምጥበት ነጥብ አጣሁ፤ አንዱን ባኖር ሌላው ይጠፋል፣ እርሷም ከእኅቶቿ አትለይም። ጃፓናውያን በ1982 በወጣው በፒሲ-9801 ላይ ለካንጂ 16 በ16 ነጥብ ሰጡት፤ እኔም ወረቀቱን ገልብጬ መሥመሮቹን በእጥፍ አሰመርሁ።