ከመንገዱ ይልቅ አሠልጣኙ፦ ታዳጊ ሯጭ አዋቂ አትሌት ስለሚሆንበት ሁኔታ ከእስቴና ከጋይንት የቀረበ ሙግት

ስለ ኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሯጮች የሚጽፉ ምሁራን ደጋግመው የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ። ሮበርት ስኮት፣ ያኒስ ፒትሲላዲስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ነው። ጥናቱ 114 የብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን፣ 111 ከመላው ሕዝብ የተወሰዱ ሰዎችንና 315 የአርሲ ነዋሪዎችን የት እንደተወለዱ፣ ቋንቋቸው ምን እንደሆነ፣ ትምህርት ቤታቸው ምን ያህል ይርቅ እንደነበርና በምን ይመላለሱ እንደነበር ጠየቀ። የማራቶን ሯጮቹ ከሌሎቹ ይልቅ ሩቅ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ብዙዎቹም እየሮጡ የተመላለሱ ሆነው ተገኙ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን በብብቱ ይዞ እየሮጠ ስለመማሩ ከሚተረከው ጋር ስለገጠመ ውጤቱ ከጥናትነት አልፎ እምነት ሆነ፤ ሯጭን የሚሠራው የትምህርት ቤት መንገድ ነው ተባለ።

ስለ ዘር የተደረጉትን ጥናቶች እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። የእነስኮት ቡድን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 በእናት በኩል የሚወረሰውን የዘር መስመር መርምሮ አትሌቶቹ ከአንድ የተለየ መስመር የወጡ እንዳልሆኑ አሳይቷል። ከዘር አጥኚዎች ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከመንገዱ ጋር ነው።

መንገዱ ሯጭ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ምሥራቅ ደቡብ ጎንደር በሯጭ በተጥለቀለቀ ነበር። የሯጮች መፍለቂያ ከምትባለው የአርሲዋ ከተማ ከበቆጂ ጋር ብናነጻጽር ከፍታው አያንስም፤ በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እግሩም አያንስም። ከስማዳ፣ ከታች ጋይንትና ከእስቴ ቀበሌዎች መካነ ኢየሱስ፣ ወገዳና ዓርብ ገበያ ገብቶ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ክፍል ተከራይቶ ይቆይና ስንቅ ሲያልቅበት አገሩ ይወርዳል፤ በሶውንና ድርቆሹን ተሸክሞ ይመለሳል። ይህ ልጅ በዓመት የሚሄደው ቢደመር በየትኛውም የአርሲ ተማሪ ፊት አያሳፍረውም። ሆኖም በዓለም አደባባይ እንደ በቆጂ የሚጠራ ስም ከዚህ አካባቢ አልወጣም።

እነስኮት ይህን ለምን አላዩም? ጥያቄው መጠይቁ ውስጥ ስላልነበረ ነው። በታተመው ውጤት ላይ የትውልድ ቦታ አለ፤ ቋንቋ አለ፤ ርቀት አለ። መጀመሪያ ሰዓት የያዘልህ ማን ነው? በ16 ዓመትህ ማን አበላህ? የትኛው ክለብ ደመወዝ ቆረጠልህ? እነዚህ ግን የሉም። ከአርሲ የተወሰዱት 315 ሰዎችም እዚያው ከፍታ፣ እዚያው አፈር ላይ አድገው አትሌት ያልሆኑ ናቸው። የሚለየው ነገር ከመንገዱ በኋላ የሆነው መሆኑን የሚመሰክሩት እነርሱ ነበሩ፤ ምስክርነታቸውን የጠየቀ የለም።

በቆጂን በቆጂ ያደረገው የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው በእጁ ያለፉ ናቸው። ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ ክለብ አለ። የጥሩነሽን ታሪክ ልብ ብሎ ያነበበ ሰው መንገዱን ረስቶ ክለቡን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2000 አዲስ አበባ ስትመጣ የትምህርት ቤት ምዝገባ አመለጣት፤ ማረሚያ ቤቶች ክለብ ገባች። እኅቷ እጅጋየሁና ዘመዷ ደራርቱ በቅርቧ ነበሩ። በ2003 ፓሪስ ላይ ገና በ18 ዓመቷ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ በተቋረጠባት ሰዓት ነው አትሌትነቷ የተጀመረው። ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው፤ አበበ ቢቂላን ለሮም ያበቃው የክቡር ዘበኛ ሠፈርና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን እንጂ የጃቶ የልጅነት መንገዱ አይደለም።

ተቃውሞ ይነሳል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሎቭዲቭ፣ ኃይሌ በ1992 ሴኡል፣ ሰለሞን ባረጋ በ2016 ቢድጎሽች የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ፤ ስለዚህ ጎበዝ ልጅ ከጅምሩ ይታወቃል ይባላል። ይህ ከወንዝ የተሻገሩትን ቆጥሮ ወንዙ ጥልቅ አይደለም እንደማለት ነው። አርኔ ጉሊክ፣ ብሩክ ማክናማራና ዴቪድ ሃምብሪክ የብዙ ስፖርቶችን ጥናቶች በአንድነት መርምረው ያገኙት ተቃራኒውን ነው፤ በአዋቂነት ዓለም አቀፍ ደረጃ የደረሱት በልጅነት ብዙ ዓይነት ጨዋታ የተጫወቱ፣ በዋናው ስፖርታቸው ዘግይተው የጀመሩና መጀመሪያ ላይ በዝግታ ያደጉ ናቸው፤ በልጅነት የሚያሸንፉት ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ናሙናቸው በአብዛኛው የሀብታም አገሮች መሆኑን አልክድም። ነገሩ ግን ለእኛ ይበልጥ ይሠራል፤ በአንድ የወረዳ ውድድር ቀን አንደኛ የወጣውን መርጦ አራተኛውን ወደ ከብቱ የሚመልስ አሠራር የነገውን ሯጭ ከከብቱ ጋር ይሸኘዋል። ዕድሜ ቀንሶ የተመዘገበ ልጅ ከሮጠበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ችላ የተባለ አንድ ምንጭ አለ፤ በጄሪ ሮዝዌል ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ስለ በቆጂ ሯጮች የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም። ምሁራን ፊልም ነው ብለው ያልፉታል። ከስንታየሁ እጅ ወጥተው ወደ ክለብ የሄዱ ሁለት ልጃገረዶችን ለዓመታት ይከተላል። መንገዱ አንድ፣ መምህሩ አንድ፣ ከፍታውም አንድ ነው፤ ዕጣቸው የተለያየው በሄዱበት ቦታ በጠበቃቸው ሥልጠናና እንክብካቤ ነው። ከ500 በላይ መጠይቅ ያልደረሰበትን አንድ ካሜራ ደርሶበታል።

መካነ ኢየሱስ ከተማ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ባለ መስመር ደብተሩን አሳይቶኛል። የልጁ ስም፣ ክፍል፣ 1,500 ሜትር የሮጠበት ሰዓት በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ሰዓቱን የሚይዘው በስልኩ ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ያሰፈረው ይበልጥ ያስተምራል፦ «አገባች»፣ «ስንቅ አጥቶ ቀረ»፣ «አዲስ አበባ ሄደ»፣ «ጉልበቱን ታመመ»። ከእነዚህ አንዱም «መንገድ አጠረበት» አይልም። «ሰዓቱ እየተሻሻለ ሳለ ነው የሚሄዱብኝ፤ ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ የምሰጣቸው ቦታ የለኝም» አለኝ።

አንድ ደብተር ድምዳሜ አይሆንም፤ ይህን ለመናገር ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ቀጣዩ ተመራማሪ ግን ብሔራዊ ቡድን ሠፈር ከመግባቱ በፊት ወደ እስቴ፣ ወደ ስማዳና ወደ ጋይንት ትምህርት ቤቶች ይሂድ፤ የስፖርት መምህራኑን ደብተሮች ይሰብስብ፤ በ15 ዓመታቸው ጥሩ ሰዓት የሮጡትን በስም ፈልጎ በ20 ዓመታቸው የት እንደነበሩ ይጠይቅ። መምህሩ ደብተሩን መልሶ ሣጥኑ ውስጥ ሲከት የ2009 ዓ.ም. ገጾች አይጥ እንደቆረጠጣቸው አየሁ።