የቦሩ ሜዳ ጉባኤና መንፈሳዊ አርነት

አርነት የሚለው ቃል ባሪያ ከጌታው እጅ ሲለቀቅ የሚነገር ቃል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 5 ይህንኑ ነገር ወደ ነፍስ አምጥቶ ይናገረዋል፤ የክርስቲያን ሕይወት በፍርሃት የሚጠበቅ ሕግ ሳይሆን በፈቃድ የሚያዝ እምነት ነውና። ትምህርቱ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። በአገራችን ታሪክ ግን ከባድ ፈተና ከገጠመው ስፍራ አንዱ ለደሴ ከተማ ቅርብ የሆነው ቦሩ ሜዳ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅን ጦር ድል ነሥተዋል፤ በ1870 ዓ.ም. መጋቢት ወር ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ገብተውላቸዋል። ከዚህ በኋላ የቀራቸው በሃይማኖት የተከፋፈለውን ሕዝብ አንድ ማድረግ ነበር። አሳባቸው ከጥላቻ ብቻ የመነጨ አይመስለኝም፤ በዙሪያቸው ጠላት የነበረበት ንጉሥ መከፋፈልን ቢፈራ አይደንቅም። በዚያው ዓመት በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ተዋሕዶ ጸና፤ በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። የእስልምና ተከታዮችም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ።

ስለ ልደትና ስለ ቅባት የተደረገው ክርክር የሊቃውንት ነው፤ እዚህ አላነሣውም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ትእዛዙ ቤተ ክርስቲያንን ምን አስገኘላት? የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ሆኑ። አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። ከተራው ሕዝብ ግን ብዙው ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። በዘመኑ በሸዋ የነበሩት የካቶሊክ ጳጳስ ማስያስ፥ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ ስለሚሄዱ ሰዎች ጽፈዋል። እንደ ሼኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉትም ተቃውመው ተነሡ። በዚህ ሁሉ የተጎዳው እስላሙ ብቻ አልነበረም። ካህኑም በፊቱ የቆመው ሰው እግዚአብሔርን ፈልጎ ይምጣ ወይም ንጉሡን ፈርቶ ይምጣ መለየት አልቻለም። የጥምቀቱን ውኃ ያፈሰሰው እጅ ራሱ አርነቱን አጥቶ ነበር ማለት ነው።

የራስ ሚካኤል ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ግዳጁ ላላ፤ ወደ አባቶቻቸው ሃይማኖት መመለስ ቢፈልጉ መንገዱ ከቀድሞው የቀለለ ነበር። አልተመለሱም። በደሴ የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በክርስትና ጸኑ። እንግዲህ ራስ ሚካኤል በእውነት ክርስቲያን የሆኑት መቼ ነው ቢባል፥ በእኔ አስተያየት በ1870 ዓ.ም. ሳይሆን መተው ሲችሉ ባልተዉበት ጊዜ ነው።

በግድ የተሰጠ ጥምቀት ግን ከጥርጣሬ አያድንም። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ወደ እስልምና አዘንብለዋል የሚል ነበር። ንጉሥ ሚካኤልም ለልጃቸው ሲዘምቱ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከቦሩ ሜዳ ወደ 40 ዓመት ገደማ አልፎ ሳለ የቤቱ እምነት ገና ምስክር ይፈለግበት ነበር።

የወሎ ሕዝብ ግን ጉባኤ ሳይጠራ ሌላ ሥርዐት አበጅቷል። ዛሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ባሉት መንደሮች በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ይገኛል፤ የአያት ስም መሐመድ፥ የልጅ ልጅ ስም ገብረ ማርያም ቢሆን የሚደነግጥ የለም። በሠርግም ጊዜ ሁለት ከብት ይታረዳል፤ አንዱ በክርስቲያን እጅ፥ አንዱ በእስላም እጅ።