የሁለቱ ገመዶችና የአንዱ ቋት ዜና

በዚህ ዜና የሚጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1872 ቻርልስ ቶድ የተባለ የደቡብ አውስትራሊያ የቴሌግራፍ ሹም ከአደላይድ እስከ ዳርዊን በረሃውን አቋርጦ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ዘረጋ። ከጃቫ በባሕር ስር የመጣው ገመድ በቀደመው ዓመት ዳርዊን ደርሶ ነበርና ሁለቱ ተገናኙ፤ በመርከብ ሳምንታት የሚፈጀው ወሬ ከለንደን በሰዓታት መድረስ ጀመረ። የየብሱ ሽቦ የመንግሥት ነበረ። የባሕሩ ገመድ ግን ባለቤቱ ሌላ ነው፤ እርሱም በማንችስተር በጥጥ ንግድ የከበረው ስኮትላንዳዊ ጆን ፔንደር ነበረ። ፔንደር በ1873 የምሥራቁን ኩባንያዎች አዋሕዶ ኢስተርን ኤክስቴንሽን የተባለውን ኩባንያ አቆመ።

ዋጋውም የማይቀመስ ነበረ። ወደ እንግሊዝ ለሚላክ አንድ ቃል 9 ሽልንግ ከ4 ፔንስ ይከፈል ነበር። በ1891 የአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ከሚቀርብህ ገቢ ግማሹን እኛ እንችላለን ብለው ለኩባንያው ዋስ ሆኑና ወደ 4 ሽልንግ ወረደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ 4 ሽልንግ ከ9 ፔንስ ሆነ። ልጁ ታሞ ወደ ለንደን ሊያስታውቅ የሚሻ ሰው ቃላቱን በጣቱ እየቆጠረ፣ አንዷን እየሰረዘ ሌላዋን እያሳጠረ ይጽፍ ነበር። የክርክሩ ሥር ይህ ነው፤ የኋላውን ነገር የሚያነብ ሰው ይህን እንዳይረሳ።

በዚያም ዘመን በካናዳ ሳንድፎርድ ፍሌሚንግ የሚባል መሐንዲስ ነበረ፤ የፓስፊኩን የባቡር መንገድ የቀየሰ፣ የዓለም ሰዓት በአንድ ሥርዓት ይከፈል ብሎ የደከመ ሰው ነው። እርሱም ከቫንኩቨር ደሴት እስከ አውስትራሊያ በመንግሥታት ገንዘብ ገመድ ይዘርጋ እያለ ዓመታት ሙሉ ጻፈ፤ ተናገረ። በ1894 በኦታዋ በተደረገው ጉባኤም ነገሩን ገፋ። ፔንደር እስኪሞት ድረስ ተቃወመው፤ በ1896ም ሞተ። ከተቃዋሚዎቹ ደቡብ አውስትራሊያም ነበረች፤ ያ የበረሃ ሽቦ ገበያ ያጣብኛል ብላ ፈርታለችና አይፈረድባትም።

በመጨረሻም መንግሥታቱ ተስማሙ። ሸክሙንም በ18 ድርሻ ከፈሉት፤ ብሪታኒያ 5፣ ካናዳ 5፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቪክቶሪያ፣ ኩዊንስላንድና ኒውዚላንድ ሁለት ሁለት ያዙ። ትርፍም ቢመጣ ኪሳራም ቢመጣ በዚሁ ልክ ነበረ። ገመዱ በቫንኩቨር ደሴት ካለው ከባምፊልድ ተነሥቶ በፋኒንግ ደሴት፣ በፊጂና በኖርፎክ ደሴት አልፎ ወደ ኩዊንስላንድና ወደ ኒውዚላንድ ወረደ። ከባምፊልድ እስከ ፋኒንግ ብቻ 3,458 የባሕር ማይል ነው፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ይህን ያህል ሳይቋረጥ የተዘረጋ ገመድ አልነበረም። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ምልክቱ ስለሚዘገይ የመካከሉን መዳብ አወፈሩት፤ በላዩም ጉታ ፐርቻ የሚባለውን የዛፍ ሙጫ አለበሱት። በፋኒንግ ጣቢያ የተቀመጠ ሠራተኛ፣ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀለም እያንጠባጠበች በወረቀት ጥብጣብ ላይ የምትስለውን ሽቅብ ቁልቁል የሚል መስመር በዓይኑ ያነብ ነበር። ከፍታው ነጥብ፣ ዝቅታው ሰረዝ ነበረ። ሥራው በጥቅምት 1902 አለቀ፤ በታኅሣሥም ለሕዝብ ተከፈተ። የቃሉም ዋጋ 3 ሽልንግ ሆነ።

ኢስተርን ኤክስቴንሽን ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ተወዳዳሪው ሳይደርስ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ቀነሰ፤ ከደቡብ አፍሪካም በኮኮስ ደሴት በኩል ወደ ፐርዝና ወደ አደላይድ አዲስ ገመድ ዘረጋ። በጥር 1901ም፣ ፖስታና ቴሌግራፍ ወደ አዲሱ የአውስትራሊያ የፌዴራል መንግሥት ሊተላለፍ ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ከኒው ሳውዝ ዌልስ ጋር ውል ተፈራረመ። በዚህም ውል በሲድኒ የራሱን ቢሮ ከፍቶ መልእክት ከነጋዴው እጅ በቀጥታ ተቀበለ። ውሉ ማብቂያ ቀን አልተጻፈበትም። እንዲህ ያለ ውል ሥልጣኑን ለማስረከብ የተዘጋጀ መንግሥት ሊፈርመው ይገባ ነበር አልልም።

ስለዚህ የሕዝቡ ገመድ ሲከፈት ደንበኛው አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ኪሳራውም በየዓመቱ መጣ፤ መንግሥታቱም እንደ ድርሻቸው ከግምጃ ቤት ከፈሉ። በ1903 የአውስትራሊያ መንግሥት ለኩባንያው የሜልበርንን በር ልክፈትለትና በምትኩ ማብቂያ የሌለው ውል ማብቂያ ይበጅለት ብሎ ተደራደረ። ካናዳ ተቆጣች፤ እኛ ሳንጠየቅ የሽርክናችንን ገበያ ለባላጋራችን እንዴት ትሰጣላችሁ አለች። ያም ስምምነት ሳይጸና ቀረ።

ከዚህም በኋላ ታላቁ ክርክር መጣ። የሁለቱ ገመዶች ገቢ በአንድ ቋት ይግባና በድርሻ እንካፈል የሚል ሐሳብ ተነሣ፤ በ1905ም የመንግሥታቱ መልእክተኞች በለንደን ተሰብስበው መከሩበት። ሐሳቡን የሚደግፍ ሰው የሚለው አለው፤ ኪሳራው ይቀንሳል፣ ደንበኛ ለመሻማት የሚባክነው ገንዘብ ይተርፋል፣ አንዱ ገመድ ሲበጠስ ሌላው ይሸከምለታል። የግብር ከፋዩን ገንዘብ የሚጠብቅ ሚኒስትር ይህን ቢመዝን አይነቀፍም። እኔ ግን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። ያ ገመድ የተዘረጋው ትርፍ ለመካፈል አልነበረም፤ ዋጋ ለማውረድ ነበረ። ገቢው በአንድ ቋት ከገባ በኋላ ዋጋ የሚቀንሰው ማን ነው? ለምንስ ብሎ? ቃላቱን በጣቱ የሚቆጥረው ሰው በዚያ ጉባኤ ወንበር አልነበረውም።

የቋቱ ሐሳብ ያን ጊዜ አልጸናም፤ ሁለቱ ገመዶች ተፎካካሪ እንደሆኑ ቀጠሉ። በመስከረም 1914 ኑረምበርግ የተባለች የጀርመን የጦር መርከብ ፋኒንግ ደርሳ ገመዱን ቆረጠች፤ ተጠግኖም ሥራውን ቀጠለ። በ1926 ሁለተኛ ገመድ ተጨመረለት። ነገር ግን በዚያው ዓመት ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ የማርኮኒ የአጭር ሞገድ ራዲዮ ተከፈተ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ወደ አውስትራሊያ። ራዲዮው ከገመድ ይረክሳልና ነጋዴው ወደዚያው አዘነበለ፤ ታላላቆቹ የገመድ ኩባንያዎችም ደነገጡ። በ1928 መንግሥታቱ በለንደን ዳግመኛ ተቀመጡ። በ1929ም ገመዱንና ራዲዮውን አንድ የሚያደርግ ኩባንያ ቆመ፤ ኢስተርን ኤክስቴንሽንም ገባበት። ስድስቱ ሸሪኮች በ2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የዘረጉትና በኋላም የደረቡት የፓስፊክ ገመድ ለዚሁ ኩባንያ በ517,000 ፓውንድ ተሸጠ።