ያልወለደ አባት
የቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» እ.ኤ.አ. በ1921 ለሕዝብ የቀረበ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ቤሳ ቤስቲን የሌለው ሰው ተጥሎ ያገኘውን ሕፃን ያሳድጋል። ልጁ የሰው መስኮት በድንጋይ ይሰብራል፤ አሳዳጊው መስታወት ተሸክሞ ይደርስና ገጥሞ ይከፈላል። በዚህ እስቃለሁ። ሹማምንት ልጁን ነጥቀው ሲወስዱት ግን ሳቄ ይቆማል። ቻፕሊን ይህን ከሰው አልሰማም፤ እሱም በ1896፣ ገና በሰባት ዓመቱ፣ ለንደን ውስጥ የድሆች መጠለያ ገብቶ ከእናቱ ተነጥሏል። በ1919ም የበኩር ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞቶበታል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የትንሹ ተዋናይ የጃኪ ኩጋን ዕጣ ነው። በልጅነቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስገኘ። ለአካለ መጠን ሲደርስ ገንዘቡን አላገኘውም። በ1938 እናቱንና እንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ የደረሰው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። በዚህ ሰበብ የካሊፎርኒያ ግዛት በ1939 የሕፃናት ተዋንያን ገቢ በከፊል እንዲቀመጥላቸው የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ ሕጉም በኩጋን ስም ይጠራል።

በፊልሙ ያልወለደው ደሃ ልጁን ለማስጣል በጣራ ላይ ሮጠ። በእውኑ ዓለም ልጅን ከወላጁ የሚያስጥል ሕግ አስፈለገ።